ያረጀ ህዋስ ከካንሰር ይጠብቃል ወይስ ካንሰርን ያበረታል? ስለ ጁዲት ካምፒሲ ምርምር የተደረገ ውይይት

ይህን የበይነ መረብ የውይይት ክር የከፈቱት በደብረ ማርቆስ የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ የሚያስተምሩ መምህርት ናቸው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ፣ አካላችን ካንሰርን የሚከላከልበት ብልሃት ካለው ካንሰር ለምን ዕድሜ ሲገፋ ይበረታል ብሎ እንደጠየቃቸው፣ መልስ ሲያፈላልጉም በጥር 2024 በ75 ዓመታቸው ያረፉትን የአሜሪካዊቷን ሳይንቲስት የጁዲት ካምፒሲን ሥራዎች እንዳገኙ ጻፉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቀጥለው ያቀረቡት ሐሳብ ግን ክርክር የሚያስነሳ ነበር፤ እርጅና ከካንሰር ለመዳን የምንከፍለው ዋጋ ነው፣ የካምፒሲ የአርባ ዓመት ምርምርም ይህንኑ ያረጋግጣል፣ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ያረጁ ህዋሳትን፣ ማለትም መከፋፈላቸውን ለዘለቄታው ያቆሙትን፣ በመድኃኒት ለማስወገድ የሚደረገው ጥረት ሰውን መልሶ ለካንሰር ያጋልጣል የሚል ነው። የክሩ አስተናባሪ እንደመሆኔ፣ ዘግይተው ለሚመጡ አንባቢዎች መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እያነሳሁ የተባለውን በራሴ አነጋገር አስፍሬዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፤ አንዳንዱ ላይም አስተያየቴን ጨምሬበታለሁ።

1ኛውን መልስ የጻፉት የዳንግላ ነዋሪ የሆኑ ጡረተኛ የጤና መኮንን ናቸው። መምህርቷን እታለም ብለው ካመሰገኑ በኋላ፣ የሰው ሥራ ከመመዘኑ በፊት የመጣበት መንገድ ሊታወቅ ይገባልና ስለ ሴትዮዋ ጥቂት ይነገረን ሲሉ ጠየቁ። መምህርቷም በ2ኛው መልስ ፈጥነው አሟሉላቸው። ካምፒሲ በ1948 ኒው ዮርክ ተወልደው፣ በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ አጥንተው፣ በ1979 እዚያው በባዮኬሚስትሪ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም ቦስተን በሚገኘው የዳና ፋርበር የካንሰር ተቋም ከአርተር ፓርዲ ጋር ሠሩ። ፓርዲ አንድ ህዋስ ልከፋፈል ወይስ ልቆይ ብሎ የሚወስንበትን፣ ካለፈው በኋላ ግን ወደኋላ የማይመለስበትን ነጥብ በ1974 ያሳዩ ሰው ነበሩ፤ ስለዚህ የካምፒሲ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ሽበትና ስለ ጉልበት ድካም ሳይሆን ህዋስ መከፋፈልን ለምን እምቢ እንደሚል ነበር። በ1984 በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የራሳቸውን ላቦራቶሪ ከፈቱ፤ በ1991 ወደ ሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ተዛወሩ፤ በ2002 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኖቫቶ በምትባል ከተማ ወደሚገኘው፣ ስለ እርጅና ለማጥናት ወደተቋቋመው ባክ ኢንስቲትዩት ገቡ። ወደ እርጅና ጥናት የደረሱት በካንሰር በር አልፈው ነው ማለት ይቻላል። በዚሁ መልስ መጨረሻ ላይ መምህርቷ፣ ያረጁ ህዋሳት መከፋፈል አቁመው ይሞታሉ የሚል ዓረፍተ ነገር ጨመሩ።

ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር 3ኛውን መልስ አመጣች። ጸሐፊው በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነው፤ ያለ ሰላምታ ገብቶ፣ አንድ መምህር ይህን መሳሳት እንደማይገባው ተናግሮ፣ ያረጀ ህዋስ እንደማይሞት፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍም ይኸው አለመሞቱ እንደሆነ አስረዳ። የእርማቱ ይዘት ትክክል ነው፤ አጻጻፉ ግን እናቱ ለምትሆን ሰው የሚጻፍ አልነበረም። እንደ ማብራሪያው ከሆነ ያረጀ ህዋስ መከፋፈሉን ለዘለቄታው ያቆማል፣ ገዝፎና ጠፍጣፋ ሆኖ ይታያል፣ ይመገባል፣ ፕሮቲን ያመርታል፣ ሌሎች ህዋሳት የሚሞቱበትን ምልክትም ተቋቁሞ ይቆያል። እንዲህ ያለው ህዋስ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ብቻ የሚታይ ነገር ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይጠረጠር ነበር። የካምፒሲ ላቦራቶሪ በ1995 አንድ ማቅለሚያ አስተዋወቀ፤ ቤታ ጋላክቶሲዴዝ የተባለው ኤንዛይም የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች) 6 በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ሲሠራ ያረጁትን ህዋሳት ሰማያዊ ያደርጋቸዋል፣ ወጣቶቹን ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል። ዕድሜያቸው ከገፋ ሰዎች በተወሰደ ቆዳ ላይም ሰማያዊዎቹ ህዋሳት በዝተው ታዩ። ተማሪው እዚህ ላይ ጥሩ ጥንቃቄ አክሏል፤ ኤንዛይሙ ላይሶዞም ከተባለው፣ ህዋሱ ቆሻሻውን ከሚፈጭበት ክፍል የሚመጣ በመሆኑ ላይሶዞም የበዛበት ሌላ ህዋስም ሰማያዊ ሊሆን ስለሚችል፣ ዛሬ በዚህ ማቅለሚያ ብቻ ህዋስ አረጀ ብሎ መደምደም ተቀባይነት የለውም።

4ኛው መልስ ከክሩ መልሶች ሁሉ ረጅሙ ነው። የቢቸና ተወላጅ የሆኑት ጸሐፊው ውጭ አገር በላቦራቶሪ ሥራ ይተዳደራሉ፤ ታሪኩንም ከሥሩ ጀመሩት። አሌክሲስ ካሬል በ1912 ከጫጩት ልብ የወሰዱት ህዋስ በላቦራቶሪ እንዲኖር አድርገው፣ የህዋሱ እርባታ እስከ 1946 ድረስ ስለቀጠለ፣ ህዋስ ተመጋቢ እስከሆነ ድረስ ዘላለማዊ ነው የሚለው እምነት በሳይንቲስቶች ዘንድ ጸና። ካሬል የኖቤል ተሸላሚ ነበሩና ሌሎች ላቦራቶሪዎች ህዋሶቻቸው ሲያረጁባቸው ጥፋቱን በገዛ እጃቸው ላይ ያደርጉ ነበር። በፊላደልፊያ በዊስታር ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ግን በ1961 ጤናማ የሰው ህዋስ ከአርባ እስከ ስልሳ ጊዜ ያህል ከተባዛ በኋላ እንደሚያቆም አሳተሙ። ጥፋቱ የምግቡ ወይም የእጃችን ነው የሚለውን ጥርጣሬ የዘጉበት ሙከራ የሚደነቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተባዙ የወንድ ህዋሳትንና ጥቂት ጊዜ የተባዙ የሴት ህዋሳትን በአንድ ዕቃ ቀላቅለው አሳደጓቸው፣ ጊዜው ሲደርስ የወንዶቹ ጠፍተው የሴቶቹ ብቻ መባዛታቸውን ቀጠሉ። ሁለቱም ያደጉት በአንድ ምግብ፣ በአንድ እጅ ነበር። ጽሑፉ መጀመሪያ የተላከለት የታወቀ መጽሔት ሳይቀበለው ቀርቷል፤ የመለሱት አርታኢ ፔይተን ራውስ ደግሞ የዶሮን ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ ያገኙና በኋላም በ1966 ኖቤል የተሸለሙ ሰው ናቸው። ሄይፍሊክም በነሐሴ 2024፣ ካምፒሲ ካረፉ ከወራት በኋላ፣ በ96 ዓመታቸው አርፈዋል።

በ5ኛው መልስ አንድ የባሕር ዳር ነዋሪ ውይይቱን ባጭሩ ሊዘጉት ሞከሩ። በእርሳቸው አባባል እርጅና የቴሎሜር ጉዳይ ነው፤ የክሮሞዞም ጫፍ ህዋሱ በተባዛ ቁጥር ያጥራል፣ ሲያልቅ ህዋሱ ያቆማል። ለዚህም ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግራይደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 ኖቤል ተሸልመዋል፤ በ1998 ደግሞ ቴሎሜርን የሚያስረዝመው ቴሎሜሬዝ የተባለው ኤንዛይም የተጨመረላቸው ጤናማ የሰው ህዋሳት ወሰናቸውን አልፈው ተባዝተዋል። ስለዚህ ካምፒሲ የሌሎችን ግኝት ያብራሩ እንጂ የራሳቸው ዋና ግኝት የላቸውም ሲሉ ደመደሙ።

6ኛው መልስ የተማሪው ነው፤ ከ3ኛው ይልቅ በእርጋታ ተጽፏል። የአይጥ ቴሎሜር ከሰው እጅግ የረዘመ ሆኖ ሳለ የአይጥ ህዋስም ያረጃል፤ ይህ ብቻውን ቴሎሜር የነገሩ ሁሉ ምክንያት እንዳልሆነ ያሳያል። ከዚህ የሚልቀው ማስረጃ ግን የማኑኤል ሴራኖና የባልደረቦቹ የ1997 ሥራ ነው፤ ራስ የተባለውን ካንሰር አምጪ ዘረ-መል ወደ ጤናማ ህዋስ ሲያስገቡ፣ ህዋሱ እንደታሰበው ያለ ልክ በመባዛት ፈንታ በቀናት ውስጥ አርጅቶ ቆመ። ቴሎሜሩ ገና አላጠረም፤ ያቆመው አደጋን ስላወቀ ነው። ስለ ቴሎሜሬዝም ተማሪው አንድ ነገር አከለ፤ ከአሥር የካንሰር ዓይነቶች ዘጠኝ ያህሉ ይህንኑ ኤንዛይም አንቅተው ስለሚጠቀሙበት፣ ወሰኑን መስበር ለህዋሱ ዕድሜ ቢጨምርም ለባለቤቱ ላይጨምር ይችላል። በእኔ ግምት 5ኛው መልስ እዚህ ላይ ተረትቷል፤ ጸሐፊያቸውም ወደዚህ ነጥብ አልተመለሱም።

በ7ኛው መልስ ውይይቱ ከላቦራቶሪ ወጥቶ ወደ ፍኖተ ሰላም ገባ። በአካባቢው የምታገለግል ነርስ፣ በጡቷ ላይ እብጠት ይዛ ወራት ካለፉ በኋላ የመጣች አንዲት እናት ታሪክ ነገረችን። ሴትዮዋ መጀመሪያ ለማንም አልተናገረችም፤ ከዚያ ጠበል ገባች፤ ወደ ጤና ተቋም ስትመጣ ቁስሉ ፈንድቶ ነበር። ነርሷ ጠበልን ለመንቀፍ እንዳልጻፈችው በጥንቃቄ ገለጸች፤ ጠበሉም ሐኪሙም አብረው ሊሄዱ ይችሉ ነበር ነው ሐሳቧ። ጥያቄዋ ግን ሌላ ነው፤ መምህርቷ ካንሰር በዕድሜ ይበዛል ይላሉ፣ እርሷ በዓይኗ የምታያቸው ታካሚዎች ግን አብዛኞቹ በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ውስጥ ያሉ ናቸው፤ ታዲያ የማን እውነት ነው?

8ኛውን መልስ የክሩ እምብርት አድርጌ እወስደዋለሁ። የጻፉት በባሕር ዳር የሚሠሩ የፓቶሎጂ ሐኪም ናቸው። ለነርሷ ጥያቄ የሰጡት መልስ አጭር ነው፤ የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ስለሆነ፣ ለአንድ ሽማግሌ ያለው አደጋ ለአንድ ወጣት ካለው ቢበልጥም፣ በሐኪም ቤት በር ላይ የሚቆመው ሰው ቁጥር ግን ወደ ወጣቶቹ ሊያደላ ይችላል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው። ከዚያ ወደ ካምፒሲ ተመልሰው ነገሩን በቅደም ተከተል አስረዱ። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ያረጀ ህዋስ የካንሰር መከላከያ ነው የሚለው ሐሳብ ገዥ ነበር፤ ካምፒሲ ራሳቸውም ይህን ሐሳብ በጽሑፎቻቸው ካጠናከሩት ወገን ነበሩ። በ2001 ግን ላቦራቶሪያቸው ያረጁ የተያያዥ ቲሹ ህዋሳትን፣ ወደ ካንሰር ለመለወጥ ጫፍ ላይ ከደረሱ ሌሎች ህዋሳት ጋር ቀላቀለ። ወጣት ህዋሳት የተቀላቀሉላቸው በልካቸው ቆዩ፤ ያረጁት የተቀላቀሉላቸው ግን በፍጥነት ተባዙ፣ በአይጥ ውስጥ ሲቀመጡም ዕጢ አወጡ። ያረጀው ህዋስ ራሱ ካንሰር አይሆንም፤ ጎረቤቱን ግን ያነሣሣል። በ2008 ደግሞ ያ ህዋስ ምን እንደሚያወጣ ዘርዝረው አሳተሙ፤ ኢንተርሉኪን 6ንና ኢንተርሉኪን 8ን የመሳሰሉ ብግነት አምጪ ፕሮቲኖች፣ የእድገት ምልክቶች፣ ዙሪያውን የያዘውን ማያያዣ የሚቆርጡ ኤንዛይሞች፣ በጠቅላላው በርካታ ደርዘን ምርቶች ናቸው። ይህ የምርቶች ስብስብ በዘርፉ ሳስፕ በሚል አጭር ስም ይታወቃል።

ሐኪሙ ከዚህ ተነሥተው መምህርቷን ተማሪያቸው የጠየቃቸውን መለሱ። ሰው ወጣት ሳለ ያረጁ ህዋሳት ጥቂት ናቸው፣ የሚያወጡት ምልክትም የበሽታ መከላከያ ህዋሳትን ጠርቶ ራሳቸውን ያስጠርጋቸዋል። ዕድሜ ሲገፋ የሚያረጁት ይበዛሉ፣ ጠራጊው ይደክማል፣ የተጠራቀሙት ህዋሳትም ብግነትን ያለማቋረጥ ይመግባሉ፤ በዚያው ዘመን ሌሎቹ ህዋሳት የዘረ-መል ለውጥ (ሚውቴሽን) አከማችተው ይጠብቃሉ። እኔ ካነበብኩት ሁሉ የካምፒሲን የምርምር ዘመን ከፍ የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል፤ ለዓመታት የደገፉትን አስተያየት በገዛ ላቦራቶሪያቸው ፈትነው፣ ግማሹ ብቻ እውነት እንደሆነ አሳይተው፣ ሁለቱንም ግማሽ ሳይጥሉ ይዘው ቀጠሉ።

9ኛው መልስ የዳንግላው ጡረተኛ ነው፤ ማብራሪያው እንዳስደሰታቸው ገልጸው፣ ነገሩ በክምር መካከል የበሰበሰ ድንች ሌላውን እንደሚያበላሸው ነው አሉ። 10ኛው መልስ ይህን ምሳሌ አልተቀበለም። የቢቸናው ተወላጅ እንዳሉት የበሰበሰ ድንች መቼም ጠቅሞ አያውቅም፣ ያረጀ ህዋስ ግን ይጠቅማል። የካምፒሲ ላቦራቶሪ በ2014 እንዳሳየው፣ ቆዳ ሲቆስል ያረጁ ህዋሳት ቶሎ ብቅ ብለው ቁስሉ እንዲሽር የሚያግዝ የእድገት ፕሮቲን ያመነጫሉ፤ እነዚህ ህዋሳት የተወገዱባቸው አይጦች ቁስላቸው ዘግይቶ ሻረ። በ2013 የወጡ ሁለት ጥናቶች ደግሞ በፅንስ ውስጥ እንኳ ያረጁ ህዋሳት ለአካል አፈጣጠር አገልግለው ከዚያ እንደሚጠረጉ አሳይተዋል። ስለዚህ ጥፋቱ በመምጣታቸው ላይ አይደለም፤ ሥራቸውን ጨርሰው አለመሄዳቸው ላይ ነው።

11ኛው መልስ ላይ ውይይቱ መንገዱን ሳተ። አንድ የሞጣ ነዋሪ፣ አያታቸው መቶ ዐሥር ዓመት እንደኖሩ፣ ይህም የጤፍ እንጀራ፣ የኑግ ዘይት፣ ማርና ጾም ያመጣው እንደሆነ፣ ካንሰር ደግሞ ከፋብሪካ ምግብ ጋር የመጣ የፈረንጅ በሽታ እንደሆነ ጻፉ። 12ኛው መልስ የተማሪው ሲሆን እሳት ለብሶ ነበር የተጻፈው። የአያትዮውን ዕድሜ ማን መዘገበው ብሎ ጀመረ፤ በገጠር ዕድሜ የሚቆጠረው ጣሊያን ሲገባ እረኛ ነበርኩ፣ ጣሊያን ሲወጣ ሚስት አግብቼ ነበር እየተባለ በመሆኑ፣ የሽማግሌው ክብር በጨመረ ቁጥር የዓመቱም ቁጥር እንደሚጨምር ተናገረ። ካንሰርም ድሮ አልነበረም ሳይሆን አልተመረመረም፤ ሆዱ ነፍቶ ወይም ከስቶ የሞተ ሰው ሁሉ ምን እንደገደለው ማን ያውቃል? 13ኛው መልስ የሞጣው ሰው ቁጣ ነበር፤ አያቴን ሐሰተኛ አደረግህብኝ ብለው፣ ትምህርት ያለ አክብሮት ምን ይጠቅማል የሚል ተግሣጽ ጨመሩበት። በ14ኛው መልስ እኔው ገብቼ ሁለቱንም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ለመንኳቸው። በክርክሩ ይዘት ከተማሪው ጋር ነኝ፤ ሆኖም የሞጣው ሰው የጾሙን ነገር ማንሳታቸው ከንቱ አልነበረም፣ ምግብን መቀነስ በብዙ እንስሳት ላይ ዕድሜን እንደሚያራዝም ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚታወቅ ነውና። የእኛ ጾም ግን የምግቡን ዓይነትና ሰዓት እንጂ መጠኑን ሁልጊዜ የሚቀንስ ባለመሆኑ ከዚያ ጥናት ጋር በቀጥታ አይገናኝም።

በ15ኛው መልስ አንዲት የአማኑኤል ከተማ ነዋሪ፣ ፍልፈል ካንሰር አይዘውም ሲባል ሰምታ፣ ድንቻችንን ከሥሩ የሚጨርስብን ይህ እንስሳ ለመድኃኒት ከሆነ በነጻ እንሰጣችኋለን ስትል ቀለደች። 16ኛው መልስ የቢቸናው ተወላጅ እርማት ነው፤ ሳይንቲስቶች የሚያጠኑት ጸጉር አልባው ፍልፈል የሚኖረው በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ደረቅ ቆላዎች፣ በአንዲት ንግሥት ሥር በቡድን ነው። የጎጃም ደጋ ፍልፈል ጸጉራም ነው፣ ለብቻው ይኖራል፣ ሌላ ዝርያም ነው። ጸጉር አልባው በላቦራቶሪ ከሠላሳ ዓመት በላይ ይኖራል፤ በእርሱ መጠን ያለ ተራ አይጥ ሦስት ዓመት ከሞላው ብዙ ነው። ካንሰር ፈጽሞ አይዘውም የሚለው ግን ከ2016 ጀምሮ አይሠራም፤ በዚያ ዓመት ጥቂት ዕጢ የወጣባቸው እንስሳት ተገኝተው ተዘግበዋል።

ወደ መምህርቷ ሐሳብ የመለሱን 17ኛውን መልስ የጻፉት የእንጅባራ ምሁር ናቸው። እርጅና የካንሰር መከላከያ ዋጋ ነው የሚለው አስተሳሰብ ጆርጅ ዊሊያምስ በ1957 ካቀረቡት ሐሳብ የሚወለድ ነው፤ በወጣትነት የሚጠቅም ዘረ-መል በኋላ ቢጎዳም፣ ጉዳቱ የሚመጣው ሰው ወልዶ ካሳደገ በኋላ ስለሆነ ተፈጥሮ አጥርታ አታስወግደውም። ካምፒሲም ያረጀ ህዋስን ለዚህ ሐሳብ ምሳሌ አድርገው ደጋግመው አቅርበውታል። ምሁሩ ግን አረጋግጧል የሚለውን ቃል ተቃወሙ፤ ማብራሪያ ሆኖ መስማማትና መረጋገጥ የተለያዩ ናቸው፣ እርጅናም በዚህ መንገድ ብቻ አይመጣም።

18ኛው መልስ የሐኪሙ ሲሆን፣ ካንሰርን መልሶ ያመጣል የሚለውን የመምህርቷን ስጋት በቀጥታ ይመለከታል። በማዮ ክሊኒክ የያን ቫን ዱርሰን ቡድን፣ ፒ16 የተባለውን የእርጅና ምልክት የያዙ ህዋሳት አንድ መድኃኒት ሲሰጥ ብቻ እንዲሞቱ የተደረጉ አይጦችን ፈጠረ። በ2011 በፍጥነት በሚያረጁ አይጦች ላይ የጡንቻ መመናመንና የዓይን ሞራ ዘገየ፤ በ2016 ጤናማ በሆኑ አይጦች ላይ ግማሾቹ የሚደርሱበት ዕድሜ ረዘመ፣ ዕጢም በዝቶ ሳይሆን ዘግይቶ መጣ። ምክንያቱን ሐኪሙ በጥሩ ሁኔታ ለዩት፤ ህዋስ እንዳያረጅ መከልከልና አርጅቶ የቆየውን ማስወገድ አንድ አይደሉም። ፒ16ን ወይም ፒ53 የተባለውን ሌላ የመከፋፈል ማቆሚያ ዘረ-መል ከሥሩ ያጣ አይጥ ማቆሚያ የለውምና በካንሰር ይሞታል፤ ማቆሚያው ሠርቶ ህዋሱ ከቆመ በኋላ የቆመውን ማንሳት ግን ማቆሚያውን አይነካም። መምህርቷ ስጋታቸውን ያነሡት ሁለቱን ሳይለዩ ነበር፤ እኔም ክሩን ከማንበቤ በፊት ልዩነቱ እንዲህ ጎልቶ አይታየኝም ነበር።

ከ19ኛው ጀምሮ ድምፁ እንደገና ከረረ። የባሕር ዳሩ የቴሎሜር ወዳጅ ተመልሰው፣ ካምፒሲ ያረጁ ህዋሳትን የሚያስወግድ መድኃኒት ለመሥራት ከተቋቋመው ዩኒቲ ባዮቴክኖሎጂ ከተባለ ኩባንያ መሥራቾች አንዷ እንደነበሩ፣ ኩባንያው በ2018 አክሲዮኑን ለሕዝብ እንደሸጠ፣ በነሐሴ 2020 ደግሞ የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም መድኃኒቱ መድኃኒት ከሌለበት መርፌ ያልተሻለ ሆኖ መገኘቱን አንሥተው፣ ሳይንሱ ለገንዘብ የተሸጠ ወሬ ነው አሉ። 20ኛው መልስ የምሁሩ ነው፤ ውጤቱ እንዳልሠራ ራሱ ኩባንያው በይፋ መናገሩ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚጠበቅ አሠራር ነው፣ በ2017 በአይጥ ጉልበት የሠራ ነገር በሰው ጉልበት አለመሥራቱም በሕክምና ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ተመራማሪ የአክሲዮን ባለቤት ሲሆን አንባቢ ጠንቀቅ ሊል ይገባዋል የሚለውን ተቀበሉ፤ እኔም እቀበላለሁ። 21ኛው መልስ የእርጅና ማስወገጃ ክኒን ማስታወቂያ ስለነበር አጥፍቼዋለሁ። 22ኛው መልስ ከዚያ ተነሥቶ፣ ኬርሰቲን የተባለው በዕፅዋት የሚገኝ ንጥረ ነገር ቀይ ሽንኩርት ውስጥ ስላለ ሽንኩርት ማብዛት አይበቃም ወይ ሲል ጠየቀ። ሐኪሙ በ23ኛው እንደመለሱት፣ በ2015 ያረጁ ህዋሳትን እንደሚገድል የታየው ኬርሰቲን ከዳሳቲኒብ ጋር ተጣምሮ ነው፤ ዳሳቲኒብ የደም ካንሰር መድኃኒት ነው፣ በቀላሉ የሚወሰድ አይደለም፣ በወጥ ውስጥ ያለው ኬርሰቲንም ከዚያ መጠን ጋር አይወዳደርም።

24ኛውን የጻፈው በዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ የሚማር ዲያቆን ነው። የሰው ዕድሜ ሰባ፣ ቢበረታም ሰማንያ ነው ተብሎ ተወስኖ ሳለ ሞትን ለማሸነፍ መድከም ትዕቢት አይሆንም ወይ ሲል በትሕትና ጠየቀ። የሚሰደብ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር፤ 25ኛው መልስ ግን፣ ከተማሪው የመጣ ቢሆንም፣ ከሁሉ የለሰለሰው ሆነ። ካምፒሲና መሰሎቻቸው የፈለጉት ሰው በሰማንያ ዓመቱ ቆሞ እንዲሄድ እንጂ እንዳይሞት አይደለም ብሎ፣ የማያረጅ ህዋስ ምን እንደሚመስል በሄንሪዬታ ላክስ አስረዳው። ከእኚህ አሜሪካዊት ማኅፀን ጫፍ በ1951 የተወሰደው የካንሰር ህዋስ እስከ ዛሬ በላቦራቶሪዎች ይባዛል፤ ባለቤቲቱ ግን በዚያው ዓመት በ31 ዓመታቸው ሞተዋል፣ ህዋሱም የተወሰደው ሳይጠየቁ ነበር። ዲያቆኑ ስለ እርሳቸው ቤተሰብ ሌላ ክር እንዲከፈት ጠይቋል።

በ26ኛው መልስ ነርሷ ተመልሳ፣ ኬሞቴራፒ ጨርሰው ወደ ቀበሌያቸው የተመለሱ ሴቶች ከወራት በኋላም ውሃ መቅዳትና እንጀራ መጋገር እንዳቃታቸው፣ ቤተሰቡም ሰነፈች እንደሚላቸው ጽፋ፣ ይህ ካረጁ ህዋሳት ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቀች። ሐኪሙ በ27ኛው መልስ በ2017 የታተመውን የካምፒሲን ላቦራቶሪ ሥራ አነሡ። ዶክሶሩቢሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ካንሰሩን ሲመቱ በጤናማው ቲሹ ውስጥም ብዙ ህዋሳትን ያስረጃሉ፤ በአይጦች እነዚህ ህዋሳት ሲወገዱ የልብ ጉዳቱና የካንሰሩ ተመልሶ መምጣት ቀነሰ፣ አይጦቹም እንደቀድሞው ይሮጡ ጀመር። በዚሁ ጥናት ከሕክምናው በፊት በደማቸው ውስጥ የፒ16 ምልክት ከፍ ብሎ የተገኘባቸው የጡት ካንሰር ታካሚ ሴቶች፣ በኋላ ለከባድ ድካም ይበልጥ የተጋለጡ ሆነዋል። ስለዚህ ድካሙ ስንፍና አይደለም፤ ለቤተሰቡ ይህን መንገር የነርሷ ሥራ እንደሆነ ሐኪሙ አጥብቀው ተናገሩ። ያረጁ ህዋሳትን የሚያስወግድ መድኃኒት ለእነዚህ ሴቶች የሚታዘዝበት ደረጃ ላይ ግን አልተደረሰም። እስከዚያው ድረስ ነርሷ መጀመሪያ የደም ማነስን እንድታስመረምር፣ ቀጥሎ የእንቅልፍና የምግብ ሁኔታቸውን እንድትጠይቅ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ወይም እግራቸው የሚያብጥ ካሉ ልባቸው እንዲታይ ሳትዘገይ እንድትልክ መከሯት። ነርሷም በ28ኛው መልስ፣ ከታካሚዎቿ ሁለቱ እግራቸው እንደሚያብጥ ገልጻ፣ በማግሥቱ ለምርመራ እንደምትልካቸው ጻፈች።